«እንመለሳለን» ያሉኝ ሰዎች

በቤታችሁ ሆናችሁ ኬክ የምትጋግሩ፣ ፀጉር የምትሠሩ፣ ልጆች የምታስጠኑ ወይም እንደ እኔ መርፌና ክር ይዛችሁ የምትውሉ ከሆነ «እንመለሳለን» የሚለውን ቃል በደንብ ታውቁታላችሁ። እኔ ቃሉን ከመስማቴ ብዛት የተነሳ የሚመለሰውን ከማይመለሰው በአነጋገሩ ለመለየት በቅቻለሁ። የሚመለስ ሰው በር ላይ ቆሞ ቀን ይቆርጣል። የማይመለሰው ግን አቅፎ ይስመኛል፣ ልጆቼን በስማቸው እየጠራ ይመርቃል፣ ሻዩንም ያመሰግናል።

ይህን የምጽፍላችሁ ደንበኞቼን ለመውቀስ አይደለም። ሆኖም አልፎ አልፎ ትንሽ ወቀሳ ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የተጠራቀመ ነው።

ባለቤቴ መጋቢ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። የተዋወቅነው መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስንማር ሲሆን፣ ከተመረቅን በኋላ እሱ ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት፣ እኔ ደግሞ ወደ ልጆች ማሳደግና ወደ ሴቶች ኅብረት ገባን። በ2004 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ የቤት ኪራያችን ጨመረ፤ የባለቤቴ ደመወዝ ግን ባለበት ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች ሙያውን ከልጅነቴ አውቀው ነበርና የእሷን የስፌት መኪና አስመጥቼ ሳሎናችን ጥግ ላይ አቆምኩ። የሐበሻ ቀሚስ መስፋት የጀመርኩት እንዲህ ነው። ማስታወቂያ አልለጠፍኩም። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች ነበሩ፤ ከዚያ እነሱ ሌሎችን እያመጡልኝ ሄዱ።

የሐበሻ ቀሚስ ሲሠራ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ትንሽ ላስረዳችሁ፤ ኋላ ለምነግራችሁ ነገር ያስፈልጋል። ጨርቁ ተሠርቶ የሚጠብቅ አይደለም። ደንበኛዋ ጥለቱን ስትመርጥ እኔ ወደ ሸማኔ እሄዳለሁ። እኔ የማሠራው እንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። እዚያ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። ክሩ ይገዛል፣ ድሩ ይዘረጋል፣ ጥለቱ ቀለም በቀለም ይገባል። የአንድ ቀሚስ ጨርቅ እንደ ጥለቱ ስፋት አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ነው ልኩ፣ ቅዱ፣ ጥልፉና ስፌቱ የሚመጣው። እንግዲህ አንዲት ደንበኛ ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብላ «ይህን ወድጄዋለሁ» ስትል ከኋላዬ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃታል ማለት ነው። እሷ ግን የምታየው እኔን ብቻ ነው።

አሁን ወደ 2009 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ወሩ ኅዳር ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የተከበረች አንዲት እናት ልጇን በጥር ልትድር ነበርና ከልጇ፣ ከሁለት እህቶቿና ከአራት ሚዜዎች ጋር ወደ ቤቴ መጣች። ሙሽራዋ ለሰርጉ ቬሎ ትለብሳለች፤ ለመልሱ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው የሐበሻ ልብስ እንዲለብሱ ተፈልጓል። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ለቤታችን የሦስት ወር ኪራይ ማለት ነበር።

ሦስት ምሽት መጡ። በመጀመሪያው ምሽት አልበሜን ገለጥን፣ ሻይ ጠጣን፣ ምንም አልተወሰነም። በሁለተኛው ምሽት አንደኛዋ አክስት አረንጓዴና ወርቃማ አለች፤ ሌላዋ አክስት ወይን ጠጅ አለች፤ ሙሽራዋ ዝም አለች። እኔም ለሁሉም ደስ እንዲላቸው አምስት ዓይነት ንድፍ በእጄ ስዬ አሳየኋቸው። ዲሲ ያለችው ታላቅ እህቷ ሳታየው አይሆንም ተብሎ ደግሞ የእሷ ስልክ ተጠበቀ። እዚያ ከሥራ ወጥታ ማታ ስትደውል እዚህ ሌሊት ነው፤ እኔም ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ ተኛሁ። በሦስተኛው ምሽት አረንጓዴና ወርቃማው ተመረጠ። የሁሉንም ልክ ወሰድኩ። ሊነሱ ሲሉ፣ በሩ አጠገብ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ሳለ ነው ዋጋውን የነገርኳቸው።

«ችግር የለውም፤ እንደዋወላለን» አለችኝ እናትየው፤ አቅፋም ሳመችኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። «ችግር የለውም» ማለት እሺ ማለት ነው ወይስ አይደለም? እኔ እሺ ማለት ነው አልኩ። ጥር እየቀረበ ነው ብዬ በማግስቱ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ወጣሁና የአራቱን ሚዜዎች ጨርቅ አዘዝኩ። ቀብድ አልተቀበልኩም። የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናት፤ እኔም የመጋቢ ሚስት ነኝ፤ እንዴት ብዬ ነው ቀብድ የምጠይቃት? ሸማኔው ከወንድሙ ጋር ሥራውን ተካፍሎ ሦስት ሳምንት ሠራበት።

በእነዚያ ሳምንታት ስደውል ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል አጭር መልእክት አንድ ጊዜ መጣ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከአንዷ ሚዜ ሰማሁ፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ልብስ ከሱቅ ገዝተዋል።

ከእነሱ ይልቅ ግን ሌላ ሙሽራ ናት እስከ ዛሬ ልቤን የምታሳዝነኝ። አያቷ ያሳደጓት፣ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ነበረች። በጥቅምት ወር መጥታ አንዱን ጥለት አየች፣ ዋጋ ጠየቀች፣ ሙሉውን ቆጥራ ሰጠችኝ፤ ሁሉም ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ደውላ አታውቅም። ስለማትደውል እኔም ነገ እሠራዋለሁ እያልኩ ሥራዋን ወደ ኋላ ገፋሁት። እነዚያን ሦስት ምሽቶች፣ ንድፉን የሳልኩበትን ቅዳሜ፣ ሽሮ ሜዳ የተመላለስኩባቸውን ቀናት የሰጠሁት ምንም ላልከፈሉት ነበር። የእሷን ቀሚስ የጨረስኩት በመልሷ ዕለት ጠዋት ነው። ዘምዘሙን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ነው የላክሁላት። «ምንም አይደል እህቴ» ብላ ወሰደችው።

ወገኖቼ፣ ይህን አስቡት። ጊዜያችንን የሚያባክን ሰው የሚያባክነው የእኛን ብቻ አይመስለኝም። ከፍሎ፣ አምኖን፣ ዝም ብሎ ከሚጠብቀው ሰው ላይ ነው የምንቀንሰው። የማይጮኸው ሰው ነው የሚጎዳው። ቀናው ደንበኛ ለጠማማው ይከፍላል።

በጥር መጀመሪያ ለሸማኔው ዕዳዬን በሦስት ጊዜ እንድከፍል ልለምነው ሄድኩ። ሽበት ያለው፣ ትሑት ሰው ነው። ነገሩን በሙሉ ነገርኩት። እጁ ሥራው ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝና፣

«እህቴ፣ ቀብድ አልያዝሽም እንዴ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው» አልኩት።

«እኔስ?» አለኝ። «እኔ ጨርቁን የሠራሁት በአንቺ ቃል ነው።»

ሌላ አልተናገረም። ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኮሌጅ ሳለን አንድ መምህራችን ስለ ኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 1 ሲያስተምሩን በአንድ ቃል ላይ ሙሉ የክፍል ጊዜ አሳልፈዋል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መያዣ» ተብሎ የተተረጎመው ቃል በግሪክኛው «አራቦን» ነው። ቃሉ የነጋዴዎች ቃል ነው፤ ገዢው ቀሪውን እንደሚከፍል ለማረጋገጥ አስቀድሞ የሚሰጠው ክፍያ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ቀብድ ማለት ነው። ይህን እኔ ራሴ ለሴቶች ኅብረት ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እግዚአብሔር ራሱ ለሰው ቀብድ ሰጠ እያልኩ ሳስተምር የኖርኩት ሴት፣ ከሰው ቀብድ መጠየቅ መንፈሳዊ አይደለም ብዬ አራት ጨርቅ ታቅፌ ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን ሕግ ያጠና አንድ ወንድም ሌላ ነገር አስረዳኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 ጀምሮ ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋናው ክፍያ ይታሰባል። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው ያስደሰተኝ። ቀብድ ደንበኛውን ብቻ የሚያስር ገመድ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔንም የሚያስረኝ በእጥፍ ነው! ያቺ የፋብሪካ ልጅ በእኔ ላይ መብት ነበራት፤ እሷ ግን ምንም አይደል ብላ ሄደች።

እንግዲህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አሠራሬን ለወጥኩ። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ» ስል ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። የሰማችኝ እህት ምንም ሳትል ቦርሳዋን ከፈተች፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተቀይማኝ ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ሁለተኛዋ ግን በእርግጥ ተቀየመችኝ። የአንድ ሽማግሌያችን ባለቤት ነበረች። «በጌታ ቤት እየኖርን እንዲህ አንተማመንም?» አለችኝ። እኔም፣ «እናምናለን እንጂ! ሸማኔው ግን አያውቅሽም፤ እሱ የሚያውቀው እኔን ነው» አልኳት። ትዛኝ ሄደች፣ ግን አንድ ወር ያህል ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ቆየ። ባለቤቴ ነገሩ ጆሮው ሲደርስ ተጨነቀ፤ በአገልግሎቱ ላይ ጥላ እንዳያጠላ ነው። ተነጋገርን፣ ጸለይንም። በመጨረሻ «ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ማንም አይከፋውም። ለአንዱ ጠይቀሽ ለሌላው ከተውሽ ግን ያኔ ነው የሚከፋቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዛሬ የገዛ እህቴም ቀብድ ትከፍላለች። አንድ ጊዜ ተቆጥታ እጥፍ አድርጋ ወረወረችልኝ፤ ተቀብዬ ደረሰኝ ጻፍኩላት።

ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ቀብዱ አልነበረም። በ2010 ዓ.ም. አንድ ለቅሶ ቤት ከዚያች እናት ጋር፣ ማለትም ከሙሽራዋ እናት ጋር፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰርጉ ካለፈ ዓመት አልፎታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰላምታችን ከሩቅ ነበር። እኔም በልቤ ቂም ይዤ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ሰው ሲቀንስ እጄን ያዘችኝና እንባዋ መጣ።

«ዋጋውን ስትነግሪን ደነገጥን» አለችኝ። «ካሰብነው በላይ ነበር። ግን ሦስት ቀን ለፍተሽልን፣ ንድፉን ሁሉ ስለሽ፣ ሻይ አፍልተሽ፣ እንዴት ብዬ አቅማችን አይደለም ልበልሽ? ነገ እደውልላታለሁ ስል፣ ነገ ስል፣ ቀኑ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አፈርኩሽ። ቤተ ክርስቲያን ስመጣ እንኳ አንቺ የምትቀመጪበትን አይቼ በሌላኛው በር ነው የምገባው።»

በሌላኛው በር! አንድ ዓመት ሙሉ! እኔ ጊዜዬን ሰርቃ የሸሸችኝ ሴት አድርጌ ስቆጥራት የነበረችው እናት ከእኔ ይልቅ ስትቀጣ ኖራለች። አራት ጨርቅ አይደለም የከሰርኩት፤ እህቴን ነው ያጣሁት። ጥፋቱም የእሷ ብቻ አልነበረም። እስቲ አስቡት፣ ዋጋውን በመጀመሪያው ምሽት፣ ሻዩ ሳይፈላ ነግሬያት ቢሆን «ኧረ አይሆንልንም» ማለት ይከብዳት ነበር? እኔ ነኝ በይሉኝታዬ ዋጋውን እስከ በሩ ድረስ ደብቄ የወሰድኩት። እሷም በይሉኝታዋ «ችግር የለውም» አለችኝ። ሁለት ይሉኝታ ተገናኝቶ ሸማኔውን ባለ ዕዳ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ዘፍጥረት 23ን ሳነብ ሌላ ነገር አየሁበት። ሣራ ሞታ አብርሃም የመቃብር ቦታ ሲገዛ ያለውን ታሪክ ማለቴ ነው። ኤፍሮን መጀመሪያ ቦታውን በነጻ ውሰደው ይለዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ አራት መቶ ሰቅል ብር የሚያወጣ መሬት በእኔና በአንተ መካከል ምንድን ነው በሚል መንፈስ ዋጋውን ጣል ያደርጋል። አገራችን ሰው መሰለኝ! እኛም «ኧረ ዝም ብለሽ ውሰጂው» እንላለን፤ የምንፈልገው ግን ሌላ ነው። አብርሃም ግን በዚህ ጨዋታ አልገባም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ነው፤ ጊዜ የለውም። በሙሉ ዋጋ እንደሚገዛ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ዋጋውን እንደሰማ በበሩ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ብሩን መዘነለት። ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው የሚጠረጠር ነገር አልቀረም። ጎረቤቶች ሆነው መቀጠል ይችላሉ።

ስለዚህ አሁን ሰው ሲደውልልኝ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ቀኑ መቼ ነው፣ ስንት ሰው ነው፣ ለአንዱ ልብስ ምን ያህል አስባችኋል። ሦስተኛውን መመለስ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። «አንቺ ንገሪን እንጂ» ይላሉ። ያን ጊዜ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዋጋ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ወዲያው ቀጥዬ «ከዚህ በታች የምትፈልጉ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጥሩ ልብስ አለ፤ እኔም ለልጄ የገዛሁት ከዚያ ነው» እላለሁ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። ሰው እንቢ ሲል እንዳያፍር በር መክፈት ናት። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ደውላ ያላትን ነገረችኝ፤ በዚያ ዋጋ ጥለት እንደማይቻል ነገርኳት፤ «እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። በማግስቱ በዋናው በር ገብታ ከእኔ ኋላ ተቀመጠች፤ ከአምልኮ በኋላም የገዛችውን ልብስ በስልኳ አሳየችኝ።

ንድፍም ከቀብድ በፊት አልስልም። አልበሙን ማየት ነጻ ነው፤ በእጄ የምስለው ግን ሥራ ነው። ይህንን የተማርኩት ንድፌን በስልክ ፎቶ አንስተው ሌላ ሰፊ ጋ ወስደው ካሠሩ ሰዎች ነው። አንዷ እንዲያውም ያሠራችውን ለብሳ መጥታ «አንቺ የሳልሽው እኮ ነው፣ አያምርም?» አለችኝ። ማማሩን አምሯል! ምን እላለሁ? እንዲህ ያሉትን በይሉኝታ የተያዙ ናቸው ብዬ ልሸፍንላቸው አልፈልግም። አውቀው የሚያደርጉ አሉ። አርባ ፎቶ በቴሌግራም ልከው ለእያንዳንዱ ዋጋ ጠይቀው የሚጠፉም አሉ፤ ለእነሱ አሁን «ከመካከላቸው አንዱን ምረጡልኝና እነግራችኋለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። የሚመርጡት ጥቂቶች ናቸው።

ወሳኙ ሰው ሳይኖርም ልክ አልወስድም። አክስትም፣ ሚዜም፣ ዲሲ ያለች እህትም አስተያየት ቢሰጡ ደስ ይለኛል፤ ግን «የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?» ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ለሙሽራዋ ራሷ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ይህን ስጠይቅ ክፍሉ ፀጥ አለና ያቺ ዝም ብላ የቆየች ሙሽራ «እኔ ነኝ» አለች። እናቷ ሳቀች፤ በአሥር ደቂቃ ጨረስን።

ዋጋ ስናገር ደግሞ ቀን እጽፍበታለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ክር የምንገዛ ሰዎች ያየነውን እናንተም በየሥራችሁ አይታችሁታል። «እናስብበት» ብሎ የሄደ ሰው በሦስት ወሩ ተመልሶ የድሮውን ዋጋ ይጠይቀኝ ነበር፤ ጭቅጭቁ ከስፌቱ ይበልጥ ያደክማል። አሁን ወረቀቱ ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ነው» ይላል። ማሰብ ለሚፈልግም ያለ ሐፍረት የሚያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ያን አራት ጨርቅ ለጠየቃችሁኝ፣ ሦስቱን በሁለት ዓመት ውስጥ እየቀነስኩ ሸጥኳቸው። አንዱ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለውን ተረት ስሰማ አረንጓዴና ወርቃማ ሆኖ ይታየኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ሁሉ ሥርዓቴ ያልተያዘች አንዲት ሴት አለች። ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ መጣች። ቀኑን ስጠይቃት አልተቆረጠም ትላለች፤ ዋጋውን ስነግራት ጥሩ ነው ትላለች፤ ቀብድ ስል በሚቀጥለው አመጣለሁ ትላለች። አልበሙን ትገልጣለች፣ አንዱ ገጽ ላይ ትቆያለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። በሦስተኛው ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ የቸኮለ ሥራ ነበረብኝ። በአራተኛው ጊዜ ልትሄድ ስትነሳ በሩ ላይ ቆመችና፣ ልጇ ከቤት ከወጣች ሰባት ወር እንደሆናት፣ የት እንዳለች እንደማታውቅ፣ ቀሚሱ ለእሷ እንደታሰበ ነገረችኝ። መጋቢው ጋ ሄዳ መናገር አፍራለች። እኔ ጋ ለመምጣት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋት ነበር።

ደንቤን ለእሷ ብዬ አልተውኩም፤ የሥራ ሰዓቴ የሥራ ሰዓት ነው። ግን «ከእንግዲህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነይ፤ ስለ ልብስ አናወራም» አልኳት። ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የስፌት መኪናውን እሸፍነዋለሁ፣ ቡናም አፈላለሁ። እስካሁን ቀሚሱን አላዘዘችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።